«ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ የት ይሄዳል? (ሀዋሳ)

ኮፒ ቤት ጻፈ፦

ሰላም የሀዋሳ ሰዎች። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ኮፒ ቤት አለኝ። በሬ ላይ ጫማ የሚጠርግ ልጅ አለ። 13 ዓመቱ ነው፤ ለደንበኛ ግን 15 ነኝ ይላል። ከወላይታ ገጠር ነው የመጣው። ከአገሩ ልጆች ጋር ለአምስት አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ጠዋት 6ኛ ክፍል ይማር ነበር፣ ከሰዓት ሳጥኑን ያወጣል። ዝናብ ሲመጣ እኔ ጋ ይገባና የቤት ሥራውን ሳጥኑ ላይ ይሠራል። የደብተሩ ጠርዝ ሁሌ ጥቁር ነው። አንዴ የሒሳብ ማስታወሻ ኮፒ ሳደርግለት መስታወቱን በአውራ ጣቱ ነካው መሰለኝ፣ እስከ ማታ ያወጣሁት ወረቀት ሁሉ ጥጉ ላይ አንድ የጣት አሻራ ነበረበት። ያወቅኩት ደንበኛ ሲቆጣኝ ነው።

ጥር ላይ ታሞ አራት ቀን ቀረ። ሲመለስ በር ላይ «ወላጅ አምጣ» ተባለ። አባቱ በሕይወት የለም። እናቱ አገር ቤት ናት። ሁለት ቀን በር ላይ ቆሞ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳጥኑን ይዞ መጣ። «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አልኩት። «አለ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

መጋቢት ላይ ፖሊስ ጣቢያ እንዳለ ሰማሁ። ከአንዲት ልጅ እጅ የተነጠቀ ስልክ ከሱ ሳጥን ውስጥ፣ ከቀለሙ ቆርቆሮ ስር ተገኘ። እሱ «ያዝልን ብለውኝ ነው» ይላል። እኔ አልነበርኩም፤ አልምልለትም።

አሁን ወደ ነገሬ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች መመረቂያ ጽሑፋቸውን እኔ ጋ ያሳትማሉ። እኔ ደግሞ ሳትም አነባለሁ፣ ሱስ ሆኖብኛል። አንዱ ላይ የኤደንብራን ጥናት አገኘሁና ራሴ ፈልጌ አነበብኩ። ስኮትላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ወደ 4,300 የሚሆኑ ልጆችን ከ12 ዓመታቸው ገደማ አንስቶ እስከ ጉልምስና ይከታተላሉ። የሚመሩት ሌስሊ ማክአራ እና ሱዛን ማክቪ የሚባሉ ሁለት ምሁራን ናቸው። ካገኙት አንዱ፦ እስከ 12 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የታገደ ልጅ፣ እስከ 22 ዓመቱ እስር ቤት የመግባት ዕድሉ ካልታገደው 4 እጥፍ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እኛ ስለ ሌብነት የምናወራው ፖሊስ ጣቢያ ከደረሰ በኋላ ነው። ነገሩ የተጀመረው ግን ያ በር ላይ አይደለም ወይ?

—

ባለሱቋ ጻፈች፦

ወንድሜ፣ ልብ የሚነካ ነው። ግን እኔን ስሙኝ። ባለፈው ዓመት ከአቶቴ በባጃጅ ስመለስ በሞተር ከጎን መጥተው ስልኬን ነጠቁኝ። አጥብቄ ይዤው ስለነበር የመሀል ጣቴ ተሰበረ። እስከ ዛሬ ሲበርድ ያመኛል። ስልኩ ውስጥ የሞተች እህቴ ድምፅ ነበረ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም።

ስለ ሌባው አስተዳደግ የሚያጠና ሞልቷል። «ጣትሽ እንዴት ሆነ?» ብሎ የጠየቀኝ ምሁር የለም።

—

ኮፒ ቤት ጻፈ፦

እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። እውነትሽን ነው። ስልኩ የተነጠቀባትን ልጅ እኔም አልጠየቅኳትም። ማን እንደሆነች እንኳን አላውቅም። አሁን ስትዪኝ አፈርኩ።

—

ጡረተኛው ጻፈ፦

እኔ በፖሊስነት 26 ዓመት አገልግያለሁ። ልጆቼ፣ ነገር አታወሳስቡ። እንዲህ ያለውን ልጅ ሁለት ሌሊት ጣቢያ ብታሳድረው፣ ሦስተኛ ቀን ጫማህን በነፃ ይጠርግልሃል። ፍርሃት ያስተምራል። በእኛ ጊዜ አንድ ጥፊ ስንት ልጅ አድኗል።

—

ቁጥር ወዳድ ጻፈ፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው። የእርስዎን ሐሳብ አሜሪካኖች በደንብ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኒው ጀርሲ ውስጥ ራሕዌይ የሚባል እስር ቤት ነበር። አስቸጋሪ ልጆችን ለጉብኝት ይወስዷቸዋል፣ የዕድሜ ልክ እስረኞች ፊታቸው ላይ ይጮኹባቸዋል፣ «እዚህ ብትገባ እንዲህ ነው የምናደርግህ» ይሏቸዋል። ልጆቹ ያለቅሳሉ። ወላጅ ደስ ይለዋል፣ ፖሊስ ደስ ይለዋል። ወደ ሌሎች ግዛቶችም ተስፋፋ።

በኋላ አንቶኒ ፔትሮሲኖ እና ባልደረቦቹ 9 ሙከራዎችን ሰብስበው አዩ። ሙከራ ስል ልጆቹ በዕጣ ለሁለት የተከፈሉበት ነው፤ ግማሹ ጎብኝቷል፣ ግማሹ አልጎበኘም። የጎበኙት የባሰ አጠፉ። ምንም ባይደረግላቸው ይሻላቸው ነበር።

ለኮፒ ቤትም አንድ ነገር ልበል። ያ 4 እጥፍ የተባለው ብቻውን ብዙ አያስረዳም። የሚታገደው ልጅ መጀመሪያውኑ አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል። ድህነቱ፣ ቤቱ፣ ሰፈሩ አለ። እገዳው ነው ያበላሸው ወይስ የተበላሸው ነው የታገደው? የኤደንብራ ሰዎች ይሄን ያውቁታል፤ ለዚህ ነው ተመሳሳይ ልጆችን ከተመሳሳይ ጋር ያነጻጸሩት። እኔን የገረመኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። እኩል ያጠፉ ልጆች ተወስደው፣ አንዱ ወደ ፍርድ ሥርዓቱ ጠልቆ ገባ፣ ሌላው ቀለል ባለ መንገድ ታለፈ። ቶሎ ጥፋቱን የተወው ሁለተኛው ነው። ደግሞ ፖሊስ አንዴ ያወቀውን ልጅ ደጋግሞ ያነሳል። ፊቱን ለምዶታላ።

—

ጡረተኛው ጻፈ፦

የመጨረሻዋን አልክድም። ሰፈር ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የምንሄደው የምናውቀው ልጅ ቤት ነበር። ግማሹን ጊዜ እሱ አልነበረም። ጥፊው ላይ ግን አልለወጥም።

—

ስም የለኝም ጻፈ፦

ይቅርታ ከርዕስ ልውጣ። ኮፒ ቤት፣ ላሚኔሽን ስንት ነው?

—

ኮፒ ቤት ጻፈ፦

ሃሃ። ና፣ ለዚህ ክር ተሳታፊዎች ቅናሽ አለ።

—

ጥቁር ካባ ጻፈ፦

ጠበቃ ነኝ። ሕጉ ምን ይላል ለሚል፣ በአጭሩ።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ይጠየቃል፣ ግን በተለየ መንገድ። አንቀጽ 53 እንዲህ ያለውን ልጅ በአዋቂ ቅጣት አትቅጣ፣ ከአዋቂ ወንጀለኛ ጋር አታስቀምጠው ነው የሚለው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። ከ15 አልፎ 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፣ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ስለዚህ ጋሼ ጡረተኛው፣ ያ 13 ዓመት ልጅ ከጎልማሶች ጋር «ሁለት ሌሊት ማደር» የሚባል ነገር ሕጉ አያውቅለትም። በነገራችን ላይ ልጁ «15 ነኝ» ማለቱን ያቁም። ለጫማ ደንበኛ የተባለች ዕድሜ ጣቢያ መዝገብ ላይ ከሰፈረች ጉድ ነው። የክትባት ካርድ፣ የልደት ወረቀት፣ ካልሆነ የሐኪም የዕድሜ ምርመራ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ የሚያስቀኝን ልንገራችሁ። ዳኛው ለቀላል ጥፋት ሊያዝዛቸው ከሚችላቸው ነገሮች አንዱ፣ ልጁ በዕረፍት ሰዓቱ ትምህርት ቤት ወይም ቤቱ ተወስኖ ለዕድሜው የሚመጥን ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ነው። አንቀጽ 161 ላይ አለ። ሕጉ ልጁን ትምህርት ቤት ውስጥ ያዘው ይላል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከበር መልሶታል። ዳኛው የት ይላከው?

—

የ7ለ መምህር ጻፈች፦

ሁላችሁም በር ላይ የቆመውን ልጅ አያችሁ። ከበሩ ውስጥ ያለነውንም እዩን።

አንድ ክፍል ውስጥ 74 ልጅ አለኝ። አንዱ ወንበር ላይ አራት ይቀመጣሉ፤ አራተኛው ግማሽ ቂጡ አየር ላይ ነው። ስም ስጠራ ብቻ 10 ደቂቃ ያልቃል። ዱላ ተከልክሏል፤ ጥሩ ተደርጎ ነው የተከለከለው። በምትኩ ግን ምን ተሰጠን? አማካሪ የለም። ቤት ለቤት የሚሄድ ሰው የለም። የቀረችኝ መሣሪያ «ወላጅ አምጣ» ናት። ለአብዛኛው ልጅ ትሠራለች። እናት ትመጣለች፣ ልጁ ፊቷ ያፍራል፣ ይስተካከላል።

ችግሩ እናት ለሌለው ነው። ልጁ «ወላጅ የለኝም» አይልም እኮ! ያፍራል። ዝም ይላል። ዝምታውን እኛ ዕብሪት እንለዋለን። አንድ ጊዜ አንዱ «ነገ አመጣለሁ» ብሎኝ በማግስቱ አንድ ሰውዬ ይዞ መጣ። «አጎቱ ነኝ» አለ ሰውዬው። ልጁን መክሬ፣ አስፈርሜ አስገባሁት። በኋላ ስሰማ መናኸሪያ ያለ ተራ አስከባሪ ነው፤ ልጁ 30 ብር ከፍሎት ነው። መጀመሪያ ተናደድኩ። ማታ ግን አሰብኩት። ያ ልጅ ለመማር 30 ብር ከፍሏል። ሌላውን ተዉት።

—

ወጥቻለሁ ጻፈ፦

ብዙ ጊዜ አነባለሁ፣ አልጽፍም። ዛሬ መምህሯ አስጻፈችኝ።

እኔም ያ ልጅ ነበርኩ፤ ከተማው ሌላ ነው እንጂ። 19 ዓመቴ ላይ በስርቆት ተፈርዶብኝ ማረሚያ ቤት ገባሁ። 8ኛ ክፍል ላይ ነበር ያቋረጥኩት። ውስጥ ትምህርት ቤት አለ፣ የሚያስተምሩትም አብዛኞቹ ታራሚዎች ናቸው። ሒሳብ ያስተማረኝ ሰውዬ የባንክ ሠራተኛ የነበረ ነው። በምን እንደገባ ገምቱ። ከሱ የተሻለ መምህር ግን ውጭም አላየሁም። አንድ ጠመኔ ለአራት ሰብሮ ለሳምንት ያብቃቃ ነበር። 10ኛን እዚያው ጨረስኩ።

ስወጣ ሥራ ፈለግኩ። እዚህ ላይ ነው ልላችሁ የፈለግኩት። ልጅ እያለሁ ትምህርት ቤቱ «ወላጅ አምጣ» አለኝ። ጣቢያ ስገባ «ዋስ አምጣ» አሉኝ። ወጥቼ ጥበቃ ልቀጠር ስል «ተያዥ አምጣ፣ አሻራ አምጣ» አሉኝ። መታወቂያ ላውጣ ስል ቀበሌው «መሸኛ አምጣ»። ደሃ ማለት ብር የሌለው ይመስላችኋል። አምጣ ሲባል የሚያመጣው ሰው የሌለው ነው። ብር እኮ ተሠርቶ ይገኛል። ተያዥ ከየት ይሠራል?

እኔን የያዘኝ ያ የባንክ ሰውዬ ነው። ከኔ በፊት ወጥቶ ነበር። እህቱን ተያዥ አደረገልኝ። እሷ አይታኝ አታውቅም ነበር።

—

ቁጥር ወዳድ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ይሄን አንብቤ ትንሽ ዝም አልኩ።

ስለ ማረሚያ ቤት ትምህርት አንድ ነገር ልጨምር። ራንድ የሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 የብዙ ዓመት ጥናቶችን አንድ ላይ መዝኖ ነበር። እስር ቤት ውስጥ የተማሩት ተመልሰው የመታሰር ዕድላቸው ካልተማሩት 13 በመቶ ነጥብ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የመማሪያው ወጪም በኋላ ለዳግም እስር ከሚወጣው ያነሰ ነው። እርግጥ አንተን መሰል ሰው ተነሳሽነቱ ስላለው ነው የሚመዘገበው ሊባል ይችላል። ተያዥ የሆነችህን ሴት ግን የትኛውም ጥናት ውስጥ አላገኘኋትም።

—

ያለ ፍሬ ጻፈ፦

ሁላችሁም ትምህርት ትምህርት ትላላችሁ። ተምሮስ? በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰደው ተማሪ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። በ2015 3.2። በ2016 5.4። ያ ሊስትሮ በርትቶ ቢማር፣ 12 ዓመት ጨርሶ ያው ሳጥኑ ጋ ነው የሚመለሰው። ሥራ ስጡት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አጠገባችን አይደል?

—

ቁጥር ወዳድ ጻፈ፦

ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ ያማሉም። ግን ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ትምህርት ቤት ከወንጀል የሚጠብቀው በዲግሪው ብቻ አይደለም። ልጁ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን የት እንዳለ ይታወቃል። ስሙን የሚጠራ ሰው አለ። አሜሪካ ውስጥ ላንስ ሎክነር እና ኤንሪኮ ሞሬቲ ግዛቶች የግዴታ ትምህርት ዕድሜን ከፍ ባደረጉ ጊዜ ምን እንደተፈጠረ አጥንተዋል። ሕጉ አስገድዶ ያቆያቸው ልጆች፣ ወደው የቆዩ አይደሉም፣ በኋላ የመታሰር ዕድላቸው ቀንሶ ተገኘ።

ሁለተኛ፣ ፋብሪካ። ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ዴርኮን እዚሁ አገራችን ውስጥ 5 ድርጅቶች ላይ አጥንተዋል። ወደ 1,000 ገደማ አመልካቾችን በዕጣ ከፋፈሉ። ሥራውን ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ። በዓመቱ 77 በመቶው ሄዷል። ስንፍና አይደለም፤ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ሥራው ለጤናም ከባድ ነው። የሀዋሳ ፓርክም ከተመረቀበት ከ2008 ጀምሮ ስንቱን እንዳየ የምታውቁት ናችሁ። አጎዋ (ምርታችንን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚያስገባው ዕድል) እ.ኤ.አ. ጥር 2022 ላይ ሲቋረጥብን ሥራ ያጡት ሴቶች የሁላችንም ጎረቤት ነበሩ።

—

ሻላ ጻፈች፦

እኔ ሶሻል ወርክ ነው የተማርኩት። ኤደንብራ፣ አሜሪካ ከምንል እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ። ሞንሮቪያ፣ ላይቤሪያ። 999 ወንዶች ናቸው። ሰራቂ፣ ዕፅ ሻጭ፣ ጎዳና አዳሪ፣ ከጦርነት የወጣም አለ። በዕጣ ለአራት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን 200 ዶላር ብቻ ተሰጠው። አንዱ 8 ሳምንት የምክር ሥልጠና ብቻ። አንዱ ሁለቱንም። አንዱ ምንም።

ሥልጠናው ደስ የሚል ነው። አሠልጣኞቹ ራሳቸው ከዚያው ሕይወት የወጡ ሰዎች ናቸው። ፀጉርህን ተስተካከል፣ ንጹሕ ልብስ ልበስ፣ ሱቅ ግባና ዕቃ ጠይቅ፣ ባንክ ግባና ሒሳብ ስለመክፈት ጠይቅ፤ ከዚያ የሆነውን መጥተህ ለቡድኑ ንገር። ከዚያ በፊት እንደዚህ ያለ ቦታ በር ላይ ነው የሚባረሩት። ባለፉት ዓመታት ውጤቱ ሲታይ ብር ብቻ ያገኙት ቶሎ ወደነበሩበት ተመለሱ። ምክር ብቻ ያገኙትም እያደር ደበዘዘባቸው። ሁለቱንም ያገኙት ግን ከ10 ዓመት በኋላ እንኳን ስርቆቱና ጠቡ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ።

ወጥቻለሁ፣ አንተ ያልከው ነገር ነው ይሄ። ባንክ ገብቶ መጠየቅ። ሰው ፊት መቆም።

—

ባለሱቋ ጻፈች፦

እንዲህ ሲሆንማ ይገባኛል። ሌባው ይታዘንለት ስትሉኝ ነው የሚያንገበግበኝ። «ነገ የሌላ ሴት ጣት እንዳይሰበር» በሉኝ፣ እኔም አብሬ አዋጣለሁ።

ኮፒ ቤት፣ ልጁስ? የት ደረሰ? ጨርስልና።

—

ኮፒ ቤት ጻፈ፦

እሺ።

ጥቁር ካባ በውስጥ መስመር ጻፈልኝና አብረን ሄድን። ወጣት መርማሪ ነበረች፣ ጨዋ ናት። ልጁን ለብቻው ነበር ያስቀመጠችው፤ የማስረጃ ክፍሉ አግዳሚ ላይ። የዕድሜውን ጉዳይ ጥቁር ካባ አስረዳ። እኔ ዋስ ሆንኩ። ስልኩ ለባለቤቷ ተመልሷል። ጉዳዩ ገና ችሎት አለው፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ስንወጣ ልጁ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሳጥኔስ?» ብሎ ነው። ሳጥኑ ኤግዚቢት ሆኖ ቀርቷል። ቀለሙ፣ ብሩሹ፣ የሒሳብ ደብተሩ ሁሉ ውስጡ ነው።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። ርዕሰ መምህሩ «ምኑ ነህ?» አለኝ። ምን ልበል? አጎቱ ነኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ የመምህሯ ተራ አስከባሪ ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። «በሩ ላይ ኮፒ ቤት ያለኝ ነኝ» አልኩት። ትንሽ አየኝ። «የእኛን ፈተና የምታባዛው?» «አዎ።» «ወረቀትህ ለምንድን ነው ጥጉ ላይ አሻራ ያለበት?»

ልጁ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ለማንኛውም ፈርሜ ገብቷል። የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ቅጹን ሞልቷል። የወላጅ ስልክ በሚለው ቦታ የኔን ጽፏል።

—

የ7ለ መምህር ጻፈች፦

የኔንም ጻፍበት። ሁለት ቁጥር ያስገባል ቅጹ።

—

ጡረተኛው ጻፈ፦

ሳጥን እኔ አሠራለታለሁ። አናጺ ጎረቤት አለኝ። ጫማዬንም ይጥረግልኝ፣ ከፍዬ ነው ታዲያ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ልምጣ?

—

ኮፒ ቤት ጻፈ፦

ጋሼ፣ ጠዋት ክፍል ነው። ከሰዓት ይምጡ።